«ከአልጋ የረከሰ»

በላቲን «ቪሊዮር አልጋ» የሚል አነጋገር አለ፤ «ከአልጋ የረከሰ» ማለት ነው። አንባቢ መኝታውን ወይም ዙፋኑን እንዳያስብ። የላቲኑ አልጋ ማዕበል ወደ ዳር የሚተፋው የባሕር አረም ነው። ዛሬ በሥነ ሕይወት ትምህርት አልጌ ወይም ዋቅላሚ የምንለው ፍጥረት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው።

አነጋገሩን ሁለት ታላላቅ የሮም ባለቅኔዎች ተጠቅመውበታል። በቨርጂል የእረኞች ቅኔ አንዱ እረኛ «ይህ ቀን ከዓመት ካልረዘመብኝ፣ ማዕበል ከጣለው አልጋ የረከስሁ ልሁን» እያለ ይምላል። የሆራስ ግን ይበልጥ ያማል። የትሮይ ጦርነት ጀግና ኡሊሰስ ሀብቱ ባክኖ፣ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ «ዘርም ሆነ ጀግንነት ገንዘብ ከሌለው ከአልጋ የረከሰ ነው» ይላል። ከጦር ሜዳ የተረፈ ጀግና ይህን ሲናገር መስማት ልብ ይሰብራል። የአነጋገሩ ትክክለኛ ስሜት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዋጋ የነበረው ነገር ዋጋ ሲያጣ። እኛ ከንቱውን ነገር በአውድማ ገለባ እንመዝናለን፤ ባሕር የከበባቸው ሮማውያን ደግሞ በዚህ አረም መዘኑት።

ቃሉ ወደ ሳይንስ ሲገባ ንቀቱን ጥሎ ገባ። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ለአንድ የዕፅዋት ክፍል መጠሪያ አደረገው። ዛሬ ዋቅላሚ ስንል በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌላቸው፣ ምግባቸውን ግን በብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን፣ የሚያዘጋጁ ፍጥረታትን ነው። በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ አለ፤ ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝምም አለ። ስሙ የአንድ ዘር ስም አይደለም፤ ቡናማዎቹ ከአረንጓዴዎቹ ጋር የሚገናኙት እጅግ ሩቅ በሆነ ዝምድና ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባሉት ደግሞ የሕዋስ አስኳል ስለሌላቸው ከባክቴሪያ ወገን ናቸው። ሆራስ በሌላ ግጥሙ አልጋን «የማትረባ» ብሏታል፤ ነገር ግን በምድር ላይ በብርሃን አስተጻምሮ ከሚመነጨው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ በባሕር ላይ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዋቅላሚዎችና ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች የሚገኝ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በላቲን ነጠላው አልጋ፣ ብዙው አልጌ ነው። ስለዚህ «አልጌዎች» ስንል «መምህራኖች» እንደ ማለት በብዙ ላይ ብዙ እንጨምራለን። ልማድ ስላጸናው ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም፤ እኔ ግን «ዋቅላሚ፣ ዋቅላሚዎች» ማለትን እመርጣለሁ፤ ሕጉም ድምፁም የራሳችን ነው።

አነጋገሩን ለመተርጎም ግን ዋቅላሚ አይሆንም። «ከዋቅላሚ የረከሰ» ቢባል ሰሚው የመማሪያ መጽሐፍ እንጂ ውርደት አይታየውም። «ማዕበል ከተፋው አረም የረከሰ» ቢባል የኡሊሰስ ኀዘን ይሰማል።