«10 ቶን ሪሳይክል አደረግን» ከማለታችሁ በፊት

ሊንክድኢን ላይ ድርጅቶች ስለ ሰርኩላር ኢኮኖሚ (ዕቃና ጥሬ ዕቃ ሳይጣል ደጋግሞ እንዲሠራ ስለማድረግ) የሚለጥፉት ይመሳሰላል፦ ቲሸርት የለበሱ ሠራተኞች፣ በማዳበሪያ የታጨቀ ሃይላንድ፣ ከሥሩ «10 ቶን ፕላስቲክ ሪሳይክል አደረግን» የሚል ጽሑፍ። ስንት ጊዜ ይነገር?

«የሰበሰብነው ሁሉ ሪሳይክል ሆኗል።»

አልሆነም። መሰብሰብ መጀመሪያው ነው። ሃይላንዱ ተፈጭቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ጠርሙሱ የተሠራበት ፒኢቲ ይዘቅጣል፤ ክዳኑ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፍና ተቀፎ ይወጣል። አስቸጋሪው ፒቪሲ የሚባለው ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሌብል ከእሱ ይሠራል፤ ክብደቱ ከፒኢቲ ስለሚቀራረብ አብሮ ይዘቅጣል፣ ማቅለጫው ውስጥ አሲድ ይለቅና ፒኢቲውን ያቢጫል፣ ያደክማል። ጥቂቱ ብዙውን ስለሚያበላሽ ሌብሉ ከመፈጨቱ በፊት መለየት አለበት። አፈሩ፣ እርጥበቱና ሙጫው ሲወጣ ደግሞ ኪሎው ይወርዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው የአቆጣጠር ደንብ ፕላስቲክ ሪሳይክል ሆነ ተብሎ የሚመዘነው በዓይነቱ ተለይቶ፣ ሌላ ዝግጅት ሳይቀረው ወደ ማቅለጫ ሲገባ ነው።

ስለዚህ 10 ቶን ሰብስባችሁ ማቅለጫው ጋ የደረሰው 7 ከሆነ፣ 7 ብላችሁ ጻፉ። ተረካቢው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተሠራበት፣ በዚያው ዓመት ስንት ቶን ፕላስቲክ ለገበያ እንዳወጣችሁም ጨምሩ። 500 ቶን ላወጣ ድርጅት 7 ቶን 1.4 በመቶ ነው። ቢያንስም ጻፉት፤ የከርሞው ለውጥ የሚለካው ከእሱ ተነስቶ ነው።

«የራሳችንን ቁርጥራጭ ፈጭተን ስለምንመልስ ምርታችን 20 በመቶ ሪሳይክልድ ነው።» አይባልም። ድርጅቶች ስለ ምርታቸው የሚሰጡትን የአካባቢ መግለጫ የሚመራው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 14021፣ ከአንድ የምርት ሂደት ወጥቶ እዚያው የሚመለሰውን አያስቆጥርም። ብክነት ቀነስን በሉ፤ እሱም ጥሩ ሥራ ነው።

«ሦስት ማዕዘኑ ቀስት ካለበት ሪሳይክል ይሆናል።» ውስጡ ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው።

«ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ማመንጨትም ሰርኩላር ነው።» የአዲስ አበባው የረጲ ጣቢያ የቆሻሻውን ክምር ይቀንሳል፣ ኃይልም ይሰጣል፤ የተቃጠለው ጥሬ ዕቃ ግን ዳግም ዕቃ አይሆንም።

«ሰርኩላር ማለት ሪሳይክል ነው።» በጣም የሚያሳዝነው ይሄ ነው። የቢራና የለስላሳ ፋብሪካዎቻችን ባዶ ጠርሙስ በሳጥን እየሰበሰቡ፣ አጥበው መልሰው ሲሞሉ ስንት ዘመናቸው! ማቅለጥ ሳያስፈልግ ያው ዕቃ ደጋግሞ ይሠራል፤ ከሃይላንድ ለቀማ ይሄ ይበልጣል፣ የሚለጥፈው ግን የለም ማለት ይቻላል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ በዓመቱ የተሞላውን ጠርሙስ ብዛት ለተሰበረውና ለጠፋው ምትክ በተገዛው አዲስ ጠርሙስ ብዛት አካፍሉ። 20 ሚሊዮን ተሞልቶ ምትኩ 1 ሚሊዮን ከሆነ፣ አንዱ ጠርሙስ በአማካይ 20 ጊዜ ተሞልቷል ማለት ነው። ገበያ ለማስፋት የተገዛውን ምትኩ ውስጥ አትደምሩ፤ ውጤቱን ያለአግባብ ያሳንሰዋል። ለፎቶው አሮጌ ጠርሙስ ከቅርብ አንሱ፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ወገቡ ላይ ያወጣው ነጭ ቀለበት ይታይ።