የእሽቅድድም ሞተርሳይክሎች ንድፍ እንዴት እንደተለወጠ

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1907 በብሪታንያ አጠገብ ባለው የማን ደሴት ቲቲ የተባለው የሞተርሳይክል ውድድር ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ የያዙት ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ነበር ማለት ይቻላል። አንዳንዱማ ፔዳል ነበረው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክም ጋላቢው በእግሩ ያግዘዋል። በዓመቱ ፔዳል ተከለከለ። ከዚያ ወዲህም የሞተርሳይክልን ቅርጽ ከመሐንዲሱ እኩል የወሰነው ደንብ አውጪው ነው።

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጉልበት ጨመረ፤ የኋላ ሞላም መጣ።

1950ዎቹ ግን ሌላ ናቸው። በ1950 የእንግሊዙ ፋብሪካ ኖርተን የሰሜን አየርላንዱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈውን «ፌዘርቤድ» ሻንሲ ይዞ ብቅ አለ። ሞተሩ ያው የድሮው ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። የጣሊያኑ ጂሌራ ባለ አራት ሲሊንደር በጉልበት ያስከነዳዋል። ኩርባ ላይ ግን ኖርተን ሌላ ነው። የኖርተን ጋላቢ ጄፍ ዱክ በ1951 የ350 እና የ500 ሲሲ (የሞተር መጠን) የዓለም ሻምፒዮናዎችን ጠቅልሎ ወሰደ። ጂሌራም ብልጥ ነው፤ በ1953 ዱክን ራሱን አስፈረመው። በእሱ ምክር ሻንሲውን አሻሽሎ ሦስት ዋንጫ በተከታታይ በላ።

የሌላው የጣሊያን ፋብሪካ የሞቶ ጉዚ ግብግብ ደግሞ ከነፋስ ጋር ነበር። መቀመጫው በሆነችው ማንዴሎ የራሱን የነፋስ ዋሻ (ነፋስ እየነፋ ቅርጽ የሚፈተንበት ክፍል) ሠራ። ነፋሱን እንዲቀዝፍ ሞተርሳይክሉ የሚለብሰው ሽፋን እየሰፋ ሄዶ የፊት ጎማን ሳይቀር ዋጠ። መሐንዲሱ ጁሊዮ ካርካኖ የነደፋቸው ቀላል 350ዎች ከ1953 እስከ 1957 ዋንጫውን ለማንም አላስነኩም። ከ1958 ጀምሮ ግን ይህ ሽፋን ታገደ፤ የጎን ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይገፋል ተባለ። እገዳው ዕድገቱን ገታው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ያማረ ሞተርሳይክል ግን ከዚያ ወዲህ አልተሠራም።

ቀጥሎ ተራው የሞተር ሆነ። ምሥራቅ ጀርመናዊው ቫልተር ካደን የማርሚታውን ቅርጽ አጥንቶ የፋብሪካውን የኤምዜድን ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ በሁለት እንቅስቃሴ አንድ ዙር የሚጨርስበት) 125 ሲሲ ሞተር በ1961 በሊትር 200 የፈረስ ጉልበት አደረሰው። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር ኮብልሎ ምሥጢሩን ለሱዙኪ አስረከበ። ሆንዳ በበኩሉ 250 ሲሲን ለስድስት ሲሊንደር አካፈለው።

በ1980ዎቹ ሰፊው የአሉሚኒየም ሻንሲ መጣ። ፈር ቀዳጁ ስፔናዊው አንቶኒዮ ኮባስ ነው ይባላል።

በ2002 ሞቶጂፒ፣ ማለትም ከፍተኛው የዓለም ሻምፒዮና፣ ለባለ አራት ምት 990 ሲሲ በሩን ከፈተ። ኋላ ዱካቲ የፊት ጎማ እንዳይነሳ ክንፍ አበጀ። ወጣ ያለው ክንፍ ለ2017 ሲከለከል መሐንዲሶቹ ሽፋኑ ውስጥ ሸሽገው መለሱት። ለ2027 የወጣው ደንብ ሞተሩን ወደ 850 ሲሲ ያወርዳል፤ የሞተርሳይክሉን ከፍታ ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያም ያግዳል።