«ፍሎር ቴስት» ምንድን ነው?

በሕንድ የግዛት ምርጫ አልቆ ማንም ፓርቲ ከግማሽ በላይ ወንበር ካላገኘ፣ ዜናው ሁሉ አንድ ቃል ያነሳል፦ ፍሎር ቴስት። ቃል በቃል «የወለል ፈተና» ማለት ነው፤ ወለሉ የምክር ቤቱ አዳራሽ ወለል ነው። መንግሥት ልመሥርት ወይም በሥልጣን ልቆይ የሚል ርዕሰ መስተዳድር፣ አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላት ከጎኑ መሆናቸውን እዚያው አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ያሳያል። ካሳየ ይገዛል፣ ካላሳየ ይወርዳል። እኛ «የመተማመኛ ድምፅ» የምንለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ እሱ ሊነጋገር ሌሊቱን ሙሉ ለምን ተቀመጠ? የምክር ቤት አባላትስ በአውቶቡስ ተጭነው ሌላ ግዛት ሆቴል ውስጥ ለምን ተደበቁ? ሁለቱም የሆኑት በደቡብ ሕንድ፣ በካርናታካ ግዛት፣ በ2018 ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የካርናታካ ምክር ቤት 224 ወንበር አለው። ሜይ 12 በ222 የምርጫ ወረዳዎች ድምፅ ተሰጠ፤ በሁለቱ ምርጫው ተራዝሞ ነበር። ስለዚህ መንግሥት ለመመሥረት 112 ወንበር ያስፈልጋል። ሜይ 15 ቆጠራው ሲያልቅ ያኔ አገሪቱን ይመራ የነበረው ፓርቲ ቢጄፒ 104፣ በአገር ደረጃ ዋና ተቃዋሚው ኮንግረስ 78፣ ጃናታ ዳል ሴኩላር የሚባለው የግዛቲቱ ፓርቲ ደግሞ 37 አገኙ። በመራጭ ድምፅ ብዛት ከሆነ ኮንግረስ 38 በመቶ አካባቢ ይዞ ቢጄፒን ሁለት ነጥብ ያህል ይበልጠው ነበር፤ ነገር ግን በየወረዳው አንደኛ የወጣ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት ድምፅ ሌላ፣ ወንበር ሌላ ነው። ቢጄፒ አንደኛ ወጥቶ ስምንት ጎደለው።

ኮንግረስ ቆጠራው ገና ሳያልቅ በዚያው ከሰዓት ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ከራሱ ግማሽ እንኳ ወንበር ለሌለው ፓርቲ የርዕሰ መስተዳድርነቱን ወንበር አቀረበለት። የጃናታ ዳሉ መሪ ኤች ዲ ኩማራስዋሚ ርዕሰ መስተዳድር ይሁን፣ እኛ እንደግፈዋለን አለ። ሁለቱ ተደምረው 115 ናቸው፤ ሒሳቡ ሞላ። በምርጫ ዘመቻው እርስ በርሳቸው ሲዘላለፉ የከረሙ መሆናቸውን ለጊዜው ሁሉም ረሳው። የኩማራስዋሚ አባት ዴቬ ጎውዳ በ1997 ከሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የወረዱት ይኸው ኮንግረስ ድጋፉን ስላነሳባቸው መሆኑም እንዲሁ።

አሁን ሁለት ሰዎች በአገረ ገዢው በር ቆሙ። አንዱ «ትልቁ ፓርቲ የኔ ነው» ይላል፣ ሌላው «አብላጫው በእጄ ነው» ይላል። የሕንድ ሕገ መንግሥት አገረ ገዢው ርዕሰ መስተዳድሩን ይሾማል ይላል እንጂ መጀመሪያ ማንን እንደሚጠራ አይናገርም። (የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 56፣ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል ብሎ ጽፎታል፤ ሕንድ ይህን የተወችው ለልማድ ነው።) ልማድ ደግሞ እንደ ጠቃሹ ይለዋወጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጎዋ ግዛት ኮንግረስ ከ40 ወንበር 17 ይዞ አንደኛ ወጥቶ ሳለ፣ የተጠራው 13 ይዞ ትናንሾቹን የሰበሰበው ቢጄፒ ነበር፤ ምክንያቱ «ጥምረቱ ቁጥሩን አሟልቷል» የሚል ነው። በካርናታካ ምክንያቱ ተገለበጠና ጥምረቱ ቀርቶ ትልቁ ፓርቲ ተጠራ። አገረ ገዢዎችን የሚሾመው ማዕከላዊው መንግሥት ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ዴልሂ ላይ የነበረው ቢጄፒ ነው። ይህን አጋጣሚ ብሎ ማለፍ ለኔ ይከብደኛል።

አገረ ገዢው ቫጁባይ ቫላ የቢጄፒውን ዬዲዩራፓን ጠርተው ድጋፋቸውን እንዲያሳዩ 15 ቀን ሰጧቸው። ፍሎር ቴስት ላይ ትልቁ ጠብ ሁልጊዜ ስለ ቀኑ ብዛት ነው። ስምንት ሰው ለጎደለው ፓርቲ 15 ቀን ማለት ስምንት ሰው ለመፈለጊያ 15 ቀን ማለት ነው። ኮንግረስና አጋሩ ሌሊቱን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሮጡ። ሦስት ዳኞች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተሰይመው እስኪነጋ ሰሙ። ቃለ መሐላውን አላገዱም፤ ዬዲዩራፓ ሜይ 17 ጠዋት ማሉ። በማግስቱ ግን ፍርድ ቤቱ 15ቱን ቀን ወደ አንድ አወረደው፦ ነገ፣ ሜይ 19፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ድምፅ ይሰጥ፤ ድምፁም ምስጢር ሳይሆን በግልጽ ይሁን። ስብሰባው በቀጥታ በቴሌቪዥን እንዲተላለፍም ተደረገ።

እስከዚያች ሰዓት ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። የኮንግረስና የጃናታ ዳል ተመራጮች መጀመሪያ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ቤንጋሉሩ አጠገብ ያለ መዝናኛ ሆቴል ገቡ፣ ከዚያ በሌሊት አውቶቡስ ወደ ሃይደራባድ ተጓዙ። ሕንዶች ይህን «የሪዞርት ፖለቲካ» ይሉታል። ሕዝብ የመረጠውን ሰው እንደ ሙሽራ ማጀብ ያስቃል፤ ፓርቲዎቹ ግን በከንቱ አልፈሩም። በ2008 በዚችው ካርናታካ ቢጄፒ ሦስት ወንበር ሲጎድለው የተቃዋሚ ተመራጮች ወንበራቸውን እየለቀቁ በቢጄፒ ስም ዳግም ተወዳድረው ነበር። «ኦፕሬሽን ካማላ» የሚባለው ይህ ነው፤ ካማላ የሎተስ አበባ ናት፣ የፓርቲው ምልክት።

ሜይ 19 ከሰዓት ዬዲዩራፓ በአዳራሹ ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ድምፅ ሳይሰጥም ሥልጣን ለቀቁ። ሦስት ቀን እንኳ አልሞላቸውም። (በ2007 ደግሞ ሰባት ቀን ቆይተው ነበር፤ ያኔ የጣላቸው ድጋፉን የነሳቸው የኩማራስዋሚ ፓርቲ ነው።) ሜይ 23 ኩማራስዋሚ ማሉ።

ለመሆኑ ቁጥር ማሳየት ካስፈለገ የድጋፍ ፊርማ ሰብስቦ ለአገረ ገዢው መስጠት ለምን አይበቃም? ይህንንም ያስተማረችው ካርናታካ ናት። በ1989 የግዛቲቱ ርዕሰ መስተዳድር ኤስ አር ቦማይ ነበሩ። 19 ተመራጮች ድጋፋቸውን አነሱ የሚል ደብዳቤ ለአገረ ገዢው ደረሰ። ወዲያው ከ19ኙ ሰባቱ «እኛ ከቦማይ ጋር ነን» ብለው መልሰው ጻፉ። ቦማይም ምክር ቤቱ ይጠራና ድጋፌን ላሳይ አሉ። አልተሰሙም፤ መንግሥታቸው ፈርሶ ግዛቲቱ በቀጥታ ከዴልሂ መተዳደር ጀመረች። ነገሩ በፍርድ ቤት አምስት ዓመት ፈጀ። በ1994 ዘጠኝ ዳኞች የአንድ መንግሥት ድጋፍ የሚለካው በአገረ ገዢው ቢሮ ሳይሆን በምክር ቤቱ ወለል ላይ ነው ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ የሕንድ ፖለቲከኛ ሁሉ የሚጠቅሰው ይህንን «የቦማይ ፍርድ» ነው።

ፍርዱ ግን አንድ ቀዳዳ አልደፈነም። በፍሎር ቴስት የሚቆጠረው በአዳራሹ ተገኝቶ ድምፅ የሰጠው ሰው ብቻ ነው። ከ1985 ጀምሮ የፓርቲውን ትእዛዝ ጥሶ ድምፅ የሰጠ ተመራጭ ወንበሩን ያጣል። ሕጉ የወጣው ፓርቲ እንደ ሸሚዝ የሚቀይሩትን ለመግታት ነበር። እንግዲያው ለተቃዋሚው ድምፅ ከመስጠት ይልቅ ወንበሩን ለቆ መሄድ ይቀላል፤ የሄደው ሰው ሲቀነስ የሚያስፈልገው አብላጫም አብሮ ይወርዳል።

በጁላይ 2019 የሆነውም ይኸው ነው። የጥምሩ መንግሥት ተመራጮች የመልቀቂያ ደብዳቤ እያስገቡ ሙምባይ ሆቴል ከተሙ። አሁን ጊዜ መግዛት የፈለገው ኩማራስዋሚ ሆነ፤ ክርክሩ ጁላይ 18 ተከፍቶ ቀናት ፈጀ። አገረ ገዢው በአንድ ቀን ሁለት የጊዜ ገደብ ቢያስቀምጡም ሁለቱም እንዲሁ አለፉ። ጁላይ 23 ማታ አባላቱ በየረድፉ እየቆሙ ተቆጠሩ፦ 99 ለመንግሥቱ፣ 105 በመንግሥቱ ላይ። ቢጄፒ ከዓመት በፊት ከነበረው 104 ብዙም አልጨመረም፤ የቀነሰው ወገን ሌላው ነው። ጥምረቱ በ14 ወሩ ፈረሰ፤ ዬዲዩራፓም እንደገና ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ።

አፈ ጉባኤው 17 ከጂዎችን ከአባልነት አገዷቸው፤ እስከ ምክር ቤቱ ዘመን ማብቂያ እንዳይወዳደሩም ከለከሏቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አጽንቶ የመወዳደር ክልከላውን ግን ሻረው። በዲሴምበር በ15 ወረዳዎች የማሟያ ምርጫ ተደርጎ ቢጄፒ 12ቱን ወሰደ፤ ከከጂዎቹ አሥሩ በፌብሩዋሪ 2020 ሚኒስትር ሆነው ማሉ። ዬዲዩራፓ በወንበሩ ሁለት ዓመት ቆይተው በጁላይ 2021 ሲለቁ ቢጄፒ የተካቸው በባሳቫራጅ ቦማይ ነው፤ የዚያ የ1989ኙ ርዕሰ መስተዳድር፣ ወለሉ ይጠየቅልኝ ብለው የተከለከሉት የኤስ አር ቦማይ ልጅ።