«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል»

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ የያዘ ሰው ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁል ሲል ሜዳው በአንድ ጊዜ ይዘረጋለታል፤ ብርዱም አብሮ ይቀበለዋል። እዚያ ከጎጃም መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ የብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ አያስቀናም ነበር፤ ማታ ማታ ስንት ባለ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስንት ባለ 15፣ ስንት ባለ 10 እንደተመረተ ቆጥሮ በደብተር ማስፈር ነው።

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው፤ ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ዘመን። አንድ የሰኔ ጠዋት ሠራተኞቹ እንደ ወትሯቸው 1 ሰዓት ላይ ገቡ። አሸዋው፣ ጠጠሩና ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ በየክምሩ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ታጥቦ አድሯል፤ ሲሚንቶ ግን የለም። መኪናው ይመጣል እየተባለ እሳት ሞቁ። 3 ሰዓት ሲሆን የፎርማኑ ስልክ ጮኸ። ባለቤቱ እየመጡ ነው። ፎርማኑ ብድግ አለ፤ በግራ አጥር ሥር የተከመረውን ብሎኬት አየ፤ በቀኝ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ አየ፤ «ያንን ወደዚህ አሻግሩት» አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ገብቶታል፤ ባለቤቱ ተቀምጠው ካገኟቸው የዕለቱ ሒሳብ አይታሰብላቸውም።

ባሬላ ወጣ። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ እስከ ምሳ ሰዓት አመላለሱት። ከክምሩ ላይኛው ገና ከሦስት ቀን በፊት የተመረተ ስለነበረ አልጠነከረም፤ ጠርዙ እየተሸረፈ፣ አንዳንዱም ለሁለት እየተከፈለ ወደቀ። 17 ፍሬ ተሰበረ። ባለቤቱ መጡ፤ ላቡን አዩ፤ «ጎሽ፣ በርቱ» ብለው ተመለሱ። ብሎኬቱን ውኃ የሚያጠጡትና ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ስብርባሪውን ሲያዩ ቆዩና «በሉ እንግዲህ፣ ቆባችንን ቀደድነው» አሉ። ፎርማኑ ነገሩ ገባውና ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«መነኩሴውስ መርፌና ክር ነበረው። እኛ መስፊያውን ከየት እናምጣ?»

ማታ ደብተሬን ስከፍት እጄ ከበደኝ። ዓምዱ «የተመረተ» ይላል፤ ዜሮ ጻፍኩ። «የተሰበረ» በሚለው ሥር 17። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ እነዚያ ሰዎች እንደዚያ ቀን ደክመው ሲወጡ አላየሁም።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውን ምሳሌ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ማንኛውም ሰው ለሹፈት ነበር የምጠቀምበት። ደህና የሚናገረውን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ለተሳነው ጎረምሳ ይባላል። ቁም ሣጥኗን በየሳምንቱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ለምታዞር ጎረቤት ይባላል። ትርጉሙም በቁሙ ግልጽ ነው፦ የሚሠራው ነገር የሌለው ሰው ራሱ ችግር ፈጥሮ፣ ራሱ ሲያቃና ይውላል። ሲመሽ የተገኘ ነገር የለም፤ ቆቡ ጠዋት እንደነበረው ነው፣ አንድ ጠባሳ ተጨምሮበት። መነኩሴን በወጉ «አባ» ብለን አንቱ የምንል ሰዎች እዚህ ላይ «ይሰፋል» ብለን ዝቅ ማድረጋችንም የሹፈቱ አካል ይመስላል፤ ምሳሌ ሲባል ግን ድሮም አንቱታ አያውቅም።

አንዳንዱ ሰው «ሥራ የፈታ መነኩሴ» ይላል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም፤ ልዩነቱም የአንድ ቃል ብቻ አይደለም። ሥራ መፍታት በእጅ ያለውን መተው ነው፤ ባል ሚስቱን እንደሚፈታ፣ ባለቤቱ በቅሎውን ፈትቶ እንደሚለቅ። ሥራ ማጣት ሌላ ነው። ያጣ ሰው ፈልጎ ነው ያላገኘው። ሥራ ፈትና ሥራ አጥ ለየብቻ ስም ያወጣንላቸው በከንቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሲጠራ ስድብ አለበት፣ ሁለተኛው ሲጠራ ኀዘን። በመፍታት ላይ የተሠራ ሌላ ምሳሌ አለን፦ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይላል። እዚያ የምትናገረው እናት ወድዳና ፈቅዳ ነው የልጇን ትዳር የምትነካካው፤ ቤት ይፈርሳል፣ እሷ ግን ቀኗን አሳለፈች። የእኛ መነኩሴ እንደዚያ አይደለም። ምሳሌው ገና ከመነሻው «ያጣ» ብሎ መስክሮለታል። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጥላ ሥር ጋደም ይል ነበር እንጂ መርፌ አያነሣም።

ለምን መነኩሴ ተመረጠ ለሚል፣ መልሱ ያለው በገዳም ኑሮ ውስጥ ነው። መነኩሴ የሚያርሰው የግል ማሳ፣ የሚነግድበት ሱቅ፣ የሚያሳድገው ልጅ የለውም። በአንድነት ገዳም ደግሞ የግል የሚባል ገንዘብም የለም፤ ሥራው በተራና በትእዛዝ የሚሰጥ ነው። አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ እንጨት ይለቅማል፣ አንዱ ብራና ይፍቃል፣ አንዱ ያርሳል። የእጅ ሥራውን ገዳማውያን «ተግባረ እድ» ይሉታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የታወቀው የሙያ ትምህርት ቤት ስያሜ ከዚሁ የግእዝ ሐረግ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ትእዛዝ ሳይደርሰው የቀረ መነኩሴ ከበአቱ ተቀምጦ ዙሪያውን ቢያይ የእኔ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ ላይ ያለው ልብስና ቆብ።

ቆቡ ደግሞ እንደ ማንኛውም ባርኔጣ አይደለም። መመንኮስ ራሱ «ቆብ መድፋት»፣ «ቆብ መጫን» ይባላል። ምንኩስናን መተው «ቆብ መጣል» ነው፤ የውበትን ኃይል ለመግለጽ «ቆብ የምታስጥል» የምንለውም ከዚያ መጥቶ ነው። ቆቡ የቃል ኪዳኑ ምልክት፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ከሩቅ የሚናገር ነገር ነው። ምሳሌው ነጠላውን ቀዶ ሰፋ፣ ጫማውን ፈትቶ ጠገነ አላለም። እጁ ሥራ ሲያጣ የሚቀድደው መጀመሪያ ማንነቱን የሚነግርለትን ነገር ነው። እኛም ግቢ የሆነው ይኸው ነበር፤ ብሎኬት ሠሪ የሚኮራው በብሎኬቱ ነው፣ የሰበርነውም ያንኑ ነው። (ሐኪም ብቻ ነው ቀድዶ ሲሰፋ የሚመሰገን፤ ቃሉም ተገኝቶለታል፣ ቀዶ ጥገና።)

ስለ ሥራና መነኩሴ ከተነሣ የአባ እንጦንስ ነገር አይታለፍም። የመነኮሳት አባት የሚባሉት፣ በጥር 22 የሚታሰቡት እኒህ አባት በበረሃ ሳሉ ነፍሳቸው ተሰላችታ ሐሳባቸው ተበታተነባቸው ይባላል። ምን ላድርግ ብለው ወደ አምላካቸው ጮኹና ወጣ ሲሉ፣ እንደ እሳቸው ያለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ አዩ። መልአክ ነበር። እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ አላቸው። ያ መልአክ ምክር ከመስጠቱ በፊት ሰሌን ይዞ መምጣቱን ልብ ይሏል። ሥራውን አሳየ፣ ጥሬ ዕቃውንም አሳየ፣ መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚቀመጥም አሳየ። ከዚያ በኋላ ነው «አድርግ» ያለው። እኔ ካየኋቸው አለቆች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ቃል ነው።

አንድ የሚሞግተኝ ታሪክ ግን አለ። በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ግብጽ መነኮሳት የጻፈው ዮሐንስ ካስያን ስለ አንድ አባ ጳውሎስ ይተርካል፤ ባሕታዊው አባ ጳውሊ አይደሉም፣ ሌላ ናቸው። በአታቸው ከከተማ የሰባት ቀን መንገድና ከዚያም በላይ ይርቅ ነበር። የእጅ ሥራቸውን ለገበያ ቢያወጡት የማጓጓዣው ዋጋ ከሚሸጥበት ይበልጣል። እሳቸው ግን በየቀኑ ሰሌን እየሰበሰቡ ለራሳቸው የመደቡትን ያህል ይሠሩ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ዋሻው በሥራቸው ይሞላል፤ ያን ጊዜ እሳት ለኩሰው ያቃጥሉታል። በአዲሱ ዓመት እንደገና ይጀምራሉ። አባቶች ይህን በምስጋና ነው የሚያነሡት። ታዲያ እኒህ ሰው ቆቡን ቀድዶ ከሚሰፋው በምን ይለያሉ?

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ አባ ጳውሎስ ያቃጠሉት የሠሩትን እንጂ ቆባቸውን አይደለም። ሌላውና ለእኔ የበለጠ የሚመዝነው ግን ለምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር። ሰሌኑ ለገበያ አይደለም፤ ልባቸው እንዳይባክን ነው፤ ይህንንም የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ማንም መጥቶ «ጎሽ፣ በርቱ» እንዲላቸው አልጠበቁም፤ የሰባት ቀን መንገድ ተጉዞ የሚመጣም የለም። የእኛ ባሬላ ግን የወጣው ለባለቤቱ ዓይን ነው፤ የፎርማኑ ስልክ ባይጮህ ኖሮ ማንም ከእሳቱ ዳር ባልተነሣ ነበር።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ምሳሌውን የሚያውቅ ሰው ያረቀቀው ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የአሠሪን ግዴታዎች ሲዘረዝር ከሁሉ የሚያስቀድመው ደመወዝ መክፈልን አይደለም። በውሉ መሠረት ለሠራተኛው ሥራ መስጠትን ነው፤ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ጥሬ ዕቃ ማቅረብንም እዚያው አብሮ ያስቀምጣል። ደመወዝ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። አንቀጽ 54 ደግሞ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ የመሣሪያና የጥሬ ዕቃ አቅርቦት በመቋረጡ ወይም እሱ ባላመጣው ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ እንደሚገባው ይናገራል። ይህን አንቀጽ ያነበብኩት ከማምረቻው ከወጣሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ጠዋት እሳት ዳር ለተቀመጡት ሰዎች አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው 17ቱ ብሎኬት አይሰበርም ነበር ብዬ አስባለሁ። ቀኑ ያልፍባቸው የነበረው በእሳት ሙቀት እንጂ በፍርሃት ላብ አይደለም።

ደግሞ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር ማለቴ አይደለም። ያን ቀን በግቢው ውስጥ እውነተኛ ሥራ ሞልቶ ነበር። ብሎኬቱ የሚያርፍባቸው ጣውላዎች ግማሾቹ ተሰንጥቀዋል፤ መዶሻና ምስማር ብቻ ነው የሚፈልጉት። አሸዋው አልተነፋም። የማሽኑ ቅርጽ ማውጫ ዘይት ይፈልጋል። ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሟል፣ የሱሉልታ ሜዳ በሐምሌ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ግን በደለል ተደፍኗል። ፎርማኑ ይህ ሁሉ የማይታየው ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ከብዙዎች በተሻለ ያውቃል። ጉድለቱ ሌላ ነው። የሲሚንቶው መኪና መንገድ ላይ መበላሸቱን ባለቤቱ የሰሙት በዋዜማው ማታ ነበር፤ አልደወሉም። ይህን የነገረን ከሁለት ቀን በኋላ ሾፌሩ ነው። ወሬው ማታ ቢደርስ ፎርማኑ መዶሻና ምስማሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሠራተኞቹም ከቤታቸው ሲወጡ ቦይ ሊቆፍሩ እንደሆነ ያውቃሉ። ብሎኬት የሚሠራው በሲሚንቶ፣ በአሸዋ፣ በጠጠርና በውኃ ነው ይባላል። እኔ ወሬን እጨምርበታለሁ፤ እሱ ደግሞ በኩንታል አይገዛም፣ አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው።

በቢሮ የምትሠሩ ሰዎች የብሎኬት ግቢ ወሬ አይመለከተንም እንዳትሉ። ከዚያ በኋላ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር የሪፖርት ቅጹ ይቀየር ነበር። የዘንድሮው ሠንጠረዥ ተሰርዞ አምና የተሰረዘው ይመለሳል። ቆቡን ቀድዶ የሚሰፋው ሁልጊዜ የበታቹ አይደለም፤ ጥሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ መነኩሴም አለ፣ ያውም የራሱን ሳይሆን የሌላውን ቆብ የሚቀድድ።

ሲሚንቶው በማግሥቱ 2 ሰዓት ላይ ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፣ ያን ጊዜም ያካፋል። ማንም «አውርዱ» ሳይል ሁሉም ወደ መኪናው ሮጠ፤ እያንዳንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፣ ያን ቀን ግን ቀለል ያለ ይመስል ነበር። ከሁሉ ትንሹ ልጅ ራሱ ላይ ምንም አልነበረውም፤ የሲሚንቶ ከረጢት አጥፎ የሠራው ኮፍያ በትናንቱ ባሬላ ተቀድዷል፣ አዲስ ለመሥራት ደግሞ ባዶ ከረጢት በግቢው አልነበረም። የመጀመሪያው ሲሚንቶ መቀላቀያው ውስጥ እንደተገለበጠ ከረጢቱን ተቀበለ፤ አቧራውን ሁለት ጊዜ በጉልበቱ መታ፤ አንዱን ማዕዘን ወደ ውስጥ ገፍቶ ራሱ ላይ ደፋውና አካፋውን አነሣ። እማማ ከጀሪካናቸው ቀና ብለው አዩትና «እሰይ፣ መነኮስክ» አሉት።