የእርግዝና የድድ ብግነት ምንድን ነው?

ጥርሷን ስትቦርሽ ምራቋ ቀልቶ የሚወጣ ነፍሰ ጡር አብዛኛውን ጊዜ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ድዷ እስኪሽርላት ብላ ብሩሹን ታስቀምጣለች። ነገሩ የሚባባሰውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የእርግዝና የድድ ብግነት የሚባለው በእርግዝና ወራት ድድ ሲቀላ፣ ሲያብጥና በትንሽ ንክኪ ሲደማ ነው። ከነፍሰ ጡሮች ከ60 እስከ 75 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወር ይጀምራል፣ እስከ ስምንተኛው ወር ገደማ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከወሊድ በኋላ ይበርዳል።

ጥፋቱን ሁሉ እርግዝናው ላይ መጣል ግን ልክ አይደለም። መነሻው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚለጠፈው ነጣ ያለ ለስላሳ ቆሻሻ ነው። ፕላክ ይባላል፤ በውስጡ የተከማቹት ባክቴሪያዎች ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮንና ኢስትሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ የድድ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ድዱም ለዚያው ፕላክ ከወትሮው አብልጦ ይቆጣል። ከማርገዟ በፊት ምንም የማያደርጋት ቆሻሻ አሁን ያደማታል ማለት ነው። ሆርሞኑን መቀነስ አይቻልም፣ አይገባምም፤ ፕላኩን ማንሳት ግን በእጇ ነው። ሳይነሳ የከረመ ፕላክ ከምራቅ ማዕድናት ጋር ጠጥሮ ታርታር ይሆናል፤ እሱን ቤት ውስጥ ማንሳት አይቻልም፣ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ብቻ ይታጠባል።

አቦራረሹ እንዲህ ነው። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። በአተር ፍሬ መጠን ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይበቃል፤ ቱቦው ላይ የፍሎራይዱ መጠን ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ppm) መሆኑን ማየት ነው። ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ሳይጫኑ በትንንሹ ማንቀሳቀስ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 2 ደቂቃ፣ አንደኛው የግድ ከመኝታ በፊት። ሲያልቅ አረፋውን መትፋት እንጂ ወዲያው በብዙ ውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱን አጥቦ ይወስደዋል። የሚደማውን ቦታ መዝለል ትልቁ ስህተት ነው፤ ፕላኩ የተከማቸው እዚያው ነውና። በዚህ መልክ ከቀጠለች መድማቱ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ሲቀንስ ይታያል። የሚያቅለሸልሻት ከሆነ ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ የልጅ ብሩሽ፣ ጣዕሙ ያልበረታ ሳሙና፣ ጠዋት ሆድ ሲረበሽ ሳይሆን ረፈድ ሲል መቦረሽ ይረዳል።

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር መፋቂያ ከብዙ ሰው አፍ አይጠፋም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያን መጠቀምን ያበረታታል። ጫፉ ተታኝኮ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ መፋቅ፣ የተጠቀሙበትን ጫፍ በየጊዜው መቁረጥ ያስፈልጋል። ጉድለቱ የመንጋጋ ጥርሶችን የውስጥ ጎን በደንብ አለመድረሱ ነው፤ ደረቅ ጫፍም የተቆጣ ድድ ይቧጭራል። ቀን ቀን መፋቂያ፣ ማታ ግን ብሩሽና ፍሎራይድ ቢሆን ይመረጣል።

ማስመለስ ሌላ ጣጣ አለው። ከጨጓራ የሚወጣው አሲድ የጥርስን ውጫዊ ሽፋን ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ ካስመለሱ በኋላ ወዲያው መቦረሽ የለሰለሰውን ሽፋን መፈግፈግ ነው። በመጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ መጉመጥመጥና መትፋት፣ እሱ ከሌለ በንጹሕ ውኃ፤ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ መቦረሽ ነው። በድሬ ሙቀት አፍ ቶሎ ይደርቃል፣ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ ጥርስ ጠባቂ ያጣል። ጥሙን በቀዝቃዛ ለስላሳ መጠጥ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ መቁረጥ ለጥርስ ከሁሉ የከፋው ነው። ሙሸበክም ሐላዋም ቢሆን ከምግብ ጋር አንዴ ተበልቶ ቢያበቃ ይሻላል፤ ጉዳቱን የሚያበዛው ስኳሩ አፍ ውስጥ የሚመላለስበት ጊዜ ብዛት ነው። በስኳር የሚቃም ጫት አፍን አድርቆ፣ ስኳሩን ለሰዓታት ጥርስ ላይ ያቆየዋል፤ በእርግዝና መቃም ክብደቱ ያነሰ ልጅ ከመውለድ ጋርም ይያያዛልና ማቆሙ ነው የሚሻለው።

«ፅንሱ ካልሲየሙን ከእናቱ ጥርስ ይወስዳል» የሚባለው እውነት አይደለም። ፅንሱ የሚያገኘው እናቲቱ ከምትበላው ነው፤ ምግቡ ካነሰ ከአጥንቷ ይሳባል እንጂ ከጥርሷ አይወጣም። ወተት፣ የግመልም ቢሆን በደንብ ፈልቶ፣ የጤፍ እንጀራና ጎመን ጥሩ የካልሲየም ምንጮች ናቸው።

ሕክምናን በተመለከተ ከሁሉ የሚከብደው ፍርሃቱ ነው። እርጉዝ ጥርሷን አትነካም የሚለው ምክር ብዙ እናቶችን መግል የቋጠረ ጥርስ ይዘው እንዲወልዱ አድርጓል። ጥርስ ማሳጠብ፣ ማስሞላት፣ ካስፈለገ ማስነቀልም በእርግዝና ይቻላል። አስቸኳይ ላልሆነው የሚመቸው ከ14ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው፤ ሕመምና መግል ግን ወር አይጠብቁም። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል፣ የጥርስ ራጅም ካስፈለገ ይነሳል፤ ጨረሩ እጅግ ትንሽ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ወንበሩ ላይ በጀርባ ቀጥ ብሎ መተኛት ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ራስ ያዞራል፤ ከቀኝ ዳሌ ሥር ትራስ አድርጎ ወደ ግራ ማዘንበል ይበቃል።

መድኃኒት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይመረጣል። ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የሚወለደውን ልጅ ጥርስ ያበልዛሉ፤ የልጁ የወተት ጥርሶች ገና በአራተኛው ወር መጠንከር ይጀምራሉና። አሞክሳሲሊን በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ መለጠፍ ድዱን ያቃጥላል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

አንዳንዴ በሁለት ጥርሶች መካከል ቀይ እብጠት ይበቅልና ሲነካ በብዛት ይደማል። ያስደነግጣል፣ ካንሰር ግን አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይከስማል። ከማኘክ ካልከለከላትና መድማቱም ካላስቸገራት ወዲያው መቆረጥ የለበትም፤ በእርግዝና ጊዜ ሲቆረጥ መልሶ የመብቀል ጠባይ አለው።

ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል። ከድድ ሌላ አፍንጫም የሚደማ ወይም ቆዳ ላይ ያለ ምክንያት በለዝ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ከደም ሊሆን ስለሚችል የቅድመ ወሊድ ክትትል ለምታደርግላት አዋላጅ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትንገር። ከወለደች 3 ወር አልፎ ድዷ አሁንም የሚደማ ወይም ጥርሷ የሚነቃነቅ ከሆነ ሰበቡ እርግዝናው አይደለም፤ ብግነቱ ወደ ጥርሱ ሥርና አጥንት ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በጥርስ ሐኪም መታየት አለባት።