«ቆይ፣ ለከርሞ!»፦ የብሩክሊን ደጋፊዎች አባባል

አሜሪካ ውስጥ ቡድኑ የተሸነፈበት የቤዝቦል ደጋፊ የሚላት ነገር አለች። ወደ አማርኛ ስመልሳት «ቆይ፣ ለከርሞ!» ትሆንልኛለች። የእኛ «የከርሞ ሰው ይበለን» ምርቃት ነው። ይቺኛዋ ግን እልህ አለባት።

አባባሏ ከሁሉም በላይ የምትታወቀው በኒውዮርክ፣ በብሩክሊን ሰዎች ነው። ቡድናቸው ዶጀርስ ነበር። በ1941፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952 እና በ1953 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለፍጻሜው፣ ለወርልድ ሲሪስ ደረሰ። አምስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። አምስቱንም ጊዜ የረታው ደግሞ የዚያው ከተማ ቡድን ያንኪስ ነው። የጎረቤት ሽንፈት እንዴት እንደሚያንገበግብ ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል።

የ1941ዱን ልንገራችሁ። ፍጻሜው አራት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ነው። በአራተኛው ጨዋታ ዶጀርስ 4 ለ 3 እየመራ መጨረሻው ላይ ደርሷል። አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ቀርቶታል። የያንኪሱ መቺ ቶሚ ሄንሪክ ኳሷን ሰንዝሮ ሳታት፤ መቺን የምታስወጣው ሦስተኛዋ ስህተት (ስትራይክ) ነበረች። በቃ፣ አለቀ! ግን የዶጀርሱ ቀላቢ ሚኪ ኦወንም ኳሷን ሳታት። እንዲህ ባለ ጊዜ በሦስተኛው ስትራይክ ኳሷ ካልተቀለበች ደግሞ መቺው ወደ መጀመሪያው ቤዝ መሮጥ ይፈቀድለታል። ሄንሪክ ሮጦ ደረሰ። ከዚያ ያንኪስ አራት ነጥብ አከታትሎ 7 ለ 4 አሸነፈ። በማግስቱም ውድድሩን ጨረሰው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ቆይ፣ ለከርሞ!

አንዳንዱ ይህችን ቃል ራስን ማጽናኛ ያደርጋታል። እኔ አይመስለኝም። ያኔ አንድ ቡድን በዓመት 154 ጨዋታ ይጫወት ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ በየቀኑ ማለት ይቻላል ጨዋታ አለ። ጥቅምት ላይ ያልቅና ረጅሙ ክረምታቸው ይገባል። «ለከርሞ» ያለ ሰው ያንን ብርድ አሳልፎ፣ 154ቱንም ጨዋታ እንደገና ከአንድ ሊጀምር ነው። ሂልዳ ቼስተር የምትባል ደጋፊ የላም ቃጭል ይዛ ኤቤትስ ፊልድ ስታዲየም ትመጣ ነበር። ቡድኑ ተሸነፈ ብላ ቃጭሏን አልጣለችም። ለእኔ የአባባሏ ትርጉም ይህ ነው፦ «እኔ እመጣለሁ» ማለት ነው። ቃል የሚገባው ደጋፊው ነው። ቡድኑ ምንም ቃል አልገባም።

ከርሞ የደረሰው ጥቅምት 4 ቀን 1955 ነው። በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ የዶጀርሱ የ23 ዓመት ወርዋሪ ጆኒ ፖድረስ ሲወረውር ውሎ ለያንኪስ አንዲት ነጥብ አልሰጠም። አንዴ ብቻ የያንኪሱ ዮጊ ቤራ የመታት ኳስ ወደ ግራው ጥግ በረረች። የዶጀርሱ ኩባዊ ሳንዲ አሞሮስ ያን ሁሉ ሜዳ ሮጦ፣ እጁን ዘርግቶ ቀለባት። 2 ለ 0! ብሩክሊን ሌሊቱን አልተኛም።

የቡድኑ ባለቤት ግን አዲስ ስታዲየም ይፈልግ ነበር። በቦታው ከከተማው ጋር አልተስማማም። መስከረም 24 ቀን 1957 በኤቤትስ ፊልድ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደረግ የተገኘው ተመልካች 6,702 ነበር። ዶጀርስ አሸነፈ፤ ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በ1960 ስታዲየሙን ያፈረሱት የቤዝቦል ኳስ አስመስለው በቀቡት የብረት ድብልብል ነው። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

በ1962 ኒውዮርክ ሜትስ የሚባል አዲስ ቡድን መጫወት ጀመረ። ሰማያዊ ቀለሙን ከዶጀርስ ወሰደ። የብሩክሊን ሰዎችም ብዙዎቹ ወደ እሱ ሄዱ። ሜትስ በመጀመሪያ ዓመቱ 120 ጊዜ ተሸነፈ። በዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ ደጋፊው ተመልሶ መጣ።