ጂን ማረም ሲባል የትኛው?

«ጂን ማረም» (በሴል ውስጥ ያለውን የዘር መመሪያ መቀየር) ሲባል ብዙዎቻችን ሁሉንም አንድ እናደርገዋለን። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው።

አንደኛው የታማሚውን ሴል ብቻ ያርማል። ካስጌቪ የተባለው የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም በሽታ) ሕክምና ደም የሚያመነጩትን የደም ግንድ ሴሎች ከሰውየው አውጥቶ፣ ክሪስፐር በተባለው ጂን መቁረጫ መሣሪያ አርሞ ይመልስለታል። ለውጡ ለልጆቹ አይተላለፍም። እንግሊዝና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቅደውታል። በሕመም ሲሰቃዩ ለኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የአሜሪካ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ግን ያንገበግባል።

ሌላው ፅንስን ማረም ነው። ይሄ ለልጅ ልጅ ይወረሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይናዊው ሳይንቲስት ሄ ጂያንኩይ ፅንስ አርሞ መንታ ሴቶች መወለዳቸውን ሲናገር ዓለም የደነገጠው ለዚህ ነው። 3 ዓመት እስር ተፈረደበት። ዓላማዬ ልጆቹን ከኤችአይቪ መከላከል ነው ብሎ ነበር። ለዚያ ደግሞ ጂን መንካት የማይጠይቅ፣ የታወቀ መንገድ አለ።